አንድ በሽታ፣ አራት ሰበብ

የመኪና መንዳት አሰልጣኟን ተማሪዎቿ «እመት ቀስ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት በሥራዋ የመጀመሪያ ዓመት ነው። ከተማሪው ጎን ስትቀመጥ እግሯ በእሷ በኩል ከተገጠመው ተጨማሪ ፍሬን ላይ አይነሣም፤ አፏም እንደዚያው። «ቀስ! ቀስ በል አልኩህ!» ብላ ስትጮኽ በማዶ የሚሄደው እግረኛ ሳይቀር ቀጥ ብሎ ይቆማል ይባላል። እሷ በስሙ ተቀይማ አታውቅም። «ደግነቱ ጡሩምባ አላላችሁኝም» ትላቸዋለች።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተምራለች። የከተማው ግማሽ መሪ የጨበጠው በእሷ እጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፋርማሲስቱም፣ የጥርስ ሐኪሙም፣ የባንኩ ጥበቃም የሆነ ጊዜ ከጎኗ ተቀምጠው ላብ በላብ ሆነዋል። መንጃ ፈቃዳቸውን ካወጡ በኋላም አይለቋትም፤ «መኪና ልገዛ ነው፣ የቱ ይሻለኛል?» እያሉ ይመጣሉ። ከአራት ዓመት በፊት ትንሿን ነጭ መኪናዋን አዲሷን ከሻጩ ድርጅት ካወጣች ወዲህ መልሷ አንድ ብቻ ነበር። «የኔን ዓይነት ግዙ። ነዳጅ አትበላም፣ ትታዘዛለች፣ ጀማሪ አታሳፍርም።» ቃሏን አምነው የገዙ አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ። አንዱ የገዛ ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም ነው። እንቁላል እያከፋፈለ የሚኖር ሰው ነው።

ነገሩ የጀመረው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። መሪውን የያዙት ሲስተር ነበሩ። ሲስተር ሠላሳ አምስት ዓመት በአዋላጅነት ሠርተው ጡረታ ከወጡ በኋላ በስድሳ ሦስት ዓመታቸው መኪና መንዳት ልማር ብለው የመጡ ቀጭን፣ ቁጥብ ሴት ናቸው። «አሁን ምን አስቸኮለዎት?» ብላ ስትጠይቃቸው፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ምጥ ስሯሯጥ ሌላ ሰው ነው ሲነዳኝ የኖረው። አሁን የማንም ምጥ የለብኝም፤ ራሴን በራሴ ላንሸራሽር» ብለዋት ነበር። አንድ ልማድ አላቸው። ትምህርት ሲጀምሩና ሲጨርሱ ሰዓቱን፣ የሄዱትን ኪሎ ሜትርና ያጠፉትን ጥፋት በትንሽ ደብተር ይጽፋሉ። በማዋለጃ ክፍል የለመዱት ነው።

በዚያ ጠዋት ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለውን ረጅም ቁልቁለት እየወረዱ ነበር።

«ልጄ፣ ይቺ ቀይ መብራት ምንድን ናት?» አሉ ሲስተር።

አሰልጣኟ ዘንበል ብላ አየች። የሞተር ዘይት ምልክት ነው። «ቀስ ብለው ዳር...» ብላ ሳትጨርስ ሞተሩ አንዴ አጓርቶ ጸጥ አለ። መሪው ከበደ። በእሷ በኩል ያለውን ፍሬን ብትረግጠው እንደ ድንጋይ ደርቆ አልወርድ አለ። መኪናዋ መውረዷን ቀጠለች። ከታች ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች መንገድ ያቋርጣሉ።

«ሲስተር፣ መሪውን ወደ ቀኝ! ባለ በሌለ ኃይልዎ!»

ሲስተር አልጮኹም። ጥርሳቸውን ነክሰው በሁለት እጃቸው ጎተቱ። አሰልጣኟ የእጅ ፍሬኑን ሳብ፣ ለቀቅ፣ ሳብ እያደረገች ያዘችው። መኪናዋ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ዘላ፣ ለግንባታ ከተቆለለ አሸዋ ውስጥ አፍንጫዋን ቀብራ ቆመች።

 ሲስተር ሰዓታቸውን አዩ። «ሁለት ሰዓት ከአሥራ ሰባት» አሉና ደብተራቸውን አወጡ። ሰዓቱን ጻፉት።

መኪናዋ ተጎትታ ወደ ሻጩ ድርጅት የሰርቪስ ክፍል ገባች። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ደብዳቤ መጣ። «በሞተሩ ላይ የደረሰው ጉዳት ባለንብረቷ ዘይት በወቅቱ ባለመቀየራቸው የተፈጠረ በመሆኑ ዋስትናው አይመለከተውም» ይላል። ከግርጌው የሰርቪስ ኃላፊው ፊርማ አለበት። አሰልጣኟ ፊርማውን አይታ ከት ብላ ሳቀች፤ የሳቋ መጨረሻ ግን ወደ ለቅሶ ያደላ ነበር።

«ምን አሳቀሽ?» አላት ባሏ። ባሏ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ቅንድቡ ላይ ዱቄት ጠፍቶ አያውቅም።

«ይሄ ልጅ ተማሪዬ ነበር። ዳገት ላይ ሞተር እያጠፋ ሦስት ጊዜ ፈተና የወደቀው። በአራተኛው ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። አሁን እኔን ዘይት መቀየር አታውቂም ይለኛል።»

ባሏ ደብዳቤውን ተቀብሎ ሁለት ጊዜ አነበበው። «እኔ የጋገርኩት ዳቦ ውስጥ ጠጠር ቢገኝና ደንበኛው ጥርሱ ቢሰበር፣ ‹ጥርስህ ነው ደካማ› ብለው ምን ይለኛል?» አለ።

በማግስቱ መኪናዋን አስጎትታ ወደ ራሷ መካኒክ ወሰደቻት። መካኒኩን ሰው ሁሉ «ጆሮ» ነው የሚለው። ረጅም ካቻቪቴ ሞተር ላይ አስደግፎ እጀታውን ከጆሮው ሥር ይደግንና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፤ ከዚያ በሽታውን ይናገራል። ላለፉት ሁለት ዓመታት ዘይቷን ሲቀይር የነበረው እሱ ነው። እያንዳንዱን ቀን በትንሽ ወረቀት ጽፎ ኮፈኑ ሥር ለጥፎታል።

የዚያን ቀን ግን የሚያዳምጠው ነገር አልነበረም፤ ሞተሩ ነክሶ ቀርቷል። ከሥሩ ገብቶ የዘይት ማጠራቀሚያውን ፈታና የዘይት ማጣሪያ ወንፊቱን አውጥቶ ነጭ ጨርቅ ላይ አራገፈው። እንደ ጥቁር አዝሙድ የደቀቀ የጎማ ፍርፋሪ ረገፈ።

«እህቴ፣ ይኸውልሽ» አላት። «በሌላው መኪና ቺንጋው፣ ያ የሞተሩ የጎማ ቀበቶ፣ የሚዞረው በደረቁ ነው። በዚህ ሞተር ግን ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚዞረው። ፋብሪካው ‹ጎማው ዘይት ይችላል› ብሎ ነበር። አልቻለም። ይፈረፈራል፤ ፍርፋሪው ወንፊቱን ይደፍናል፤ ዘይት ወደ ላይ አይወጣም። ሞተር ያለ ዘይት፣ ሰው ያለ ደም። ለፍሬኑ ኃይል የሚሰጠው ፓምፕም ከዚሁ ዘይት ነው የሚጠጣው፤ እሱም አብሮ ይታነቃል። ለዚያ ነው ፍሬንሽ የደረቀው።»

«ዘይቱስ?»

«ዘይቱ ንጹሕ ነው። የቀየርኩት እኔ አይደለሁ?» ጆሮ ጨርቁን አጣጠፈ። ከዚያ ሳያያት፣ «ይሄ ዘንድሮ አራተኛዬ ነው» አለ።

«አራተኛ? ታዲያ ለምን አትነግረኝም?»

«መጀመሪያ ላይ የየሰዉ ጥፋት መስሎኝ። ሁለተኛውን ደግሞ ባለቤቱ ‹ለእሷ እንዳትነግራት› ስላለኝ ነው።»

«ማነው እንደሱ ያለህ?»

«ዋርሳሽ።»

አሰልጣኟ ያገለገለ ጎማ ላይ ቁጭ አለች። ዋርሳዋ ቤታቸው ከመጣ ሁለት ወር አልፎታል። ባሏ ሲደውልለት «ሥራ በዛብኝ» ይላል። እሷም ቃሉን አምና፣ እንቁላል ተወዶ ነው፣ ገበያው ነው ስትል ቆይታለች። ለካ በእሷ ምክር የገዛት መኪና መንገድ ላይ ቀርታበት ነው። ሊወቅሳት ስላልፈለገ፣ ሳይወቅሳት መቀመጥም ስላልቻለ፣ መራቁን መርጧል።

ከጋራዡ በቀጥታ ወደ እሱ ሄደች። የእንቁላል መጋዘኑ ጠባብና ቀዝቃዛ ነው፤ ከወለል እስከ ጣሪያ የካርቶን ትሪ ተደርድሮበታል። ዋርሳዋ በሰው ብስክሌት ላይ ትሪ በገመድ ሲያስር አገኘችው።

«እትዬ...» ብሎ ቀና አለ።

«ጆሮ ነገረኝ።»

ገመዱን አጠበቀ፣ መልሶ አላላው።

«ለምን ደበቅከኝ? ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።»

«ምን ብዬ ልስደብሽ? ሠርተሽ አልሸጥሽልኝ» አለ። «ድርጅቱ ‹ከአቅም በላይ ጭነህባታል› አለኝ። እንቁላል እኮ ነው፤ ድንጋይ አይደለም! መንገድ መሐል ስትጠፋብኝ አንድ እንቁላል እንኳ ሳይሰበር ነው ዳር ያስያዝኳት። ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽ?» የትሪውን ጠርዝ አስተካከለ። «ግን ቤት ስመጣ ያቺን ነጭ መኪና በራፍሽ ላይ ቆማ አያታለሁ፤ ሆዴ ይቃጠላል። ስለዚህ ቀረሁ።»

እሷም አላባበለችውም። አንዱን ትሪ አነሣችና በሌላኛው ጎን ማሰር ጀመረች። ብስክሌቱ ተጭኖ እስኪያልቅ አብራው ቆየች። ሲለያዩ፣ «እሑድ ምሳ ትመጣለህ፤ ወንድምህ ናፍቆሃል» አለችው።

«መኪናዋ ከበራፍ ላይ ከሌለች እመጣለሁ» አለና ፈገግ አለ።

የዚያን ዕለት ማታ ለባሏና ሊጠይቋት ለመጡት ለሲስተር አንድ ነገር ነገረቻቸው። ከአሥራ አንዱ የሁለቱ ሞተር እንደሞተ ታውቋል፤ አንዱ የዋርሳዋ፣ አንዱ የፋርማሲስቱ። የተቀሩት ዘጠኙ ግን ዛሬም ልጆቻቸውን ጭነው በየቁልቁለቱ ይወርዳሉ። «ግዙ ያልኳቸው እኔ ነኝ። በየቤታቸው ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

«የሠራው ፋብሪካ እያለ አንቺ ምን ቤት ነሽ?» አለ ባሏ።

«ፋብሪካው የራሱን ይወቅ። እኔ የራሴን ልወቅ።»

ሄደች። ዘጠኙንም አዳረሰች። ነገሩ ቀላል አልነበረም። የጥርስ ሐኪሙ «መኪናዬ እንደ ሰዓት ነው የምትሠራው» ብሎ ሳቀባት። የባንኩ ጥበቃ ሚስት «ያኔ ማር ነው ብለሽ፣ ዛሬ ሬት ነው ትያለሽ?» ብላ በሩን ፊቷ ላይ ዘጋችው። ማልቀስ ያማራት ያን ጊዜ ነው። የሆነ ሆኖ በሁለት ሳምንት ውስጥ ስድስቱ መኪናቸውን ይዘው ጆሮ ዘንድ መጡ። ከስድስቱ አራቱ ወንፊታቸው ግማሽ በግማሽ ተደፍኖ ተገኘ። ጆሮ ቺንጋቸውን ቀየረላቸውና እያንዳንዱን ፍርፋሪ በላስቲክ ከረጢት አሽጎ የሰሌዳ ቁጥሩን ጻፈበት። የጥርስ ሐኪሙ ከአራቱ አንዱ ነበር። ያን ቀን አልሳቀም፤ የአሰልጣኟን እጅ ጨብጦ ብዙ ሳይለቃት ቆየ።

ሲስተር ደግሞ ሥራቸውን አገኙ። አንድ ትልቅ ደብተር ገዙና ሞተሩ የሞተበትን ሰው ሁሉ እየፈለጉ ቤቱ ድረስ ሄዱ። ባለቤቱን እንደ ወላድ ነው የሚጠይቁት፤ መቼ ጀመረው፣ ምን ሰዓት፣ ስንት ኪሎ ሜትር ላይ፣ ከዚያ በፊት ምን ምልክት ነበረው፣ ድርጅቱ ምን አለ። ከአፍ ወደ አፍ ወሬው እየሰፋ ሄዶ በወሩ መጨረሻ ደብተሩ ውስጥ ሃያ ሦስት መኪና ተመዘገበ። አሥራ ስድስቱን አሰልጣኟም ሆነች ሲስተር ከነጭራሹ አያውቋቸውም።

አንድ ቀን ሲስተር መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ አንድ እናት ደም ሲፈሳት ‹ክትትል ስላልመጣሽ ነው› ልንላት እንችላለን» አሉ። «በአንድ ሳምንት አምስት እናቶች ሲፈሳቸው ግን ጥፋቱን እነሱ ላይ አንፈልግም። የሰጠናቸውን መድኃኒት እንመረምራለን።»

አቤቱታውን ሁሉም ፈርመውበት ለሸማቾች ጉዳይ ቢሮ አስገቡ። መጀመሪያ «ነገ ኑ» ተባሉ፤ ነገ ሲመጡ ደግሞ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው»። ሲስተር ሹራብ የሚሠሩበትን ክር ይዘው በቢሮው ኮሪደር ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን ጸሐፊዋ በሹራቡ ላይ አስተያየት መስጠት ጀመረች፤ በአምስተኛው ቀን ፋይሉን ራሷ ይዛ ገባች። ቢሮው ሻጩን ድርጅት ለስብሰባ ጠራ። ድርጅቱ በበኩሉ ለፋብሪካው አሳወቀ፤ ፋብሪካውም አንድ መሐንዲስ ላከ።

የስብሰባው ክፍል ረጅም ጠረጴዛ፣ ላስቲካቸው ያልተላጠ ወንበሮችና በዞረ ቁጥር ቀጭ የሚል የጣሪያ ማራገቢያ ነበረው። በአንደኛው ወገን ሸበቶው የፋብሪካ መሐንዲስ፣ የድርጅቱ ጠበቃና የሰርቪስ ኃላፊው ተቀመጡ። በሌላኛው አሰልጣኟ፣ ሲስተር፣ ጆሮ፣ ዋርሳዋ፣ ፋርማሲስቱና አንዲት የሒሳብ መምህርት አሉ። የሰርቪስ ኃላፊው አንገቱን ሰብሮ ወረቀቱን ያገላብጣል። የቀድሞ አስተማሪውን ቀና ብሎ አላያትም።

ጠበቃው ቀድሞ ተናገረ። እያንዳንዱ መኪና የራሱ ታሪክ እንዳለው፣ በአያያዝ ጉድለት ለሚመጣ ብልሽት አምራቹ እንደማይጠየቅ ረጋ ባለ አነጋገር አስረዳ። ቃላቱ የተወለወሉ ነበሩ።

ሲስተር እጃቸውን አወጡ። «ከአያያዝ ነው ካሉ፣ የእነዚህን አራት ሰዎች ደብዳቤ ላንብብልዎ» አሉና ደብተራቸውን ገለጡ። «አሰልጣኟን ‹ዘይት በወቅቱ አልቀየርሽም› ብላችኋል። እንቁላል አከፋፋዩን ‹ከአቅም በላይ ጫንክ›። መምህርቷን ‹ሞተሩ ሳይሞቅ ነዳሽ›። ፋርማሲስቱ ግን ሞተራቸው እስኪሞት አንድም ቀን ከእናንተ ሰርቪስ ውጭ ወጥተው አያውቁም፤ ዘይቱን የቀየራችሁት እናንተው ናችሁ። ስለዚህ ለእሳቸው ‹ነዳጁ ጥራት የለውም› ተባለ። በአራቱም ወንፊት ውስጥ የተገኘው ያው ጥቁር ፍርፋሪ ነው። አንድ በሽታ፣ አራት ሰበብ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ አዋላጅ ነኝ። ግን እንዲህ ያለ ካርድ ተጽፎ ቢመጣልኝ ሐኪሙን ነበር የምመረምረው።»

መምህርቷ ሳቋን በመሐረብ አፈነች። ጆሮ ብድግ ብሎ የላስቲክ ከረጢቶቹን አንድ በአንድ መሐንዲሱ ፊት ደረደረ። 

ከዚያ አሰልጣኟ ተናገረች። በቤቷ ሌላ ንግግር አዘጋጅታ ነበር፤ ወረቀቱን ግን ከቦርሳዋ አላወጣችውም።

«ይህችን መኪና ግዙ ብዬ ለአሥራ አንድ ሰው ተናግሬአለሁ» አለች። «እኔ አልሠራኋትም፤ ከሽያጩም ያገኘሁት ነገር የለም። ያጠፋው አፌ ነው። ጉዱን ሳውቅ ግን በየደጃቸው ሄጄ ተሳስቻለሁ፣ አስፈትሹ አልኳቸው። አንዳንዶቹ ሰደቡኝ፣ አንዷ በር ዘጋችብኝ። ግን አራት ሰዎች ቁልቁለት ላይ ሳይቀሩ ቺንጋቸው ተቀየረ። የእያንዳንዷ መኪና ባለቤት የት እንደሚኖር እናንተ ዝርዝሩ አላችሁ፤ እኔ የነበረኝ እግሬ ብቻ ነው። እኔ የዘጠኝ ሰው በር ካንኳኳሁ፣ እናንተ የስንቱን በር ማንኳኳት ነበረባችሁ?»

ማራገቢያው ቀጭ፣ ቀጭ አለ።

ጠበቃው «ጉዳዩን በማስረጃ ካየነው ድርጅቱ ከእነዚህ ውጭ ሌላ ቅሬታ አልደረሰውም» ብሎ ጀመረ።

«ደርሶናል» አለ አንድ ድምፅ።

የሰርቪስ ኃላፊው ነበር። ፊቱ ቀልቷል። ጠበቃው ክንዱን ነካ ቢያደርገውም አላቆመም። «ሠላሳ ስምንት ፋይል አለ። ከእነዚህ ከሃያ ሦስቱ ውጭ ማለቴ ነው። ሁሉንም የፈረምኩት እኔ ስለሆንኩ ቁጥሩን አውቀዋለሁ። በየጊዜው ምክንያት ጻፍ እባላለሁ፣ እጽፋለሁ።»

 ሸበቶው መሐንዲስ መነጽሩን አድርጎ አንዱን ከረጢት ከፈተ። ፍርፋሪውን በጣቶቹ አሽቶ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ አየው። «ይህን ከረጢት ይዤ መሄድ እችላለሁ?» ብሎ ጆሮን ጠየቀው።

«ግማሹን» አለ ጆሮ። «ግማሹ እኔ ጋ ይቀመጣል።»

መሐንዲሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «ትክክል ነህ። እኔም ብሆን እንዲያ ነበር የማደርገው።»

ሲወጡ የሰርቪስ ኃላፊው ደረጃው ላይ ጠበቃት። ከሥራው ሊባረር እንደሚችል ያውቃል፤ ፊቱ ላይ ይነበባል።

«ይቅርታ አስተማሪዬ። ደብዳቤውን ስጽፍ ስምዎን አይቻለሁ። እያየሁ ነው የፈረምኩት።»

እሷም ትንሽ አየችው። ንዴቷ አልበረደም ነበር፤ ግን ዛሬ በስንት ሰው ፊት የተናገረውንም ሰምታለች። «አንተ ድሮም ዳገት ላይ ነው የምትጨነቀው» አለችው። «ዛሬ ግን ሳታጠፋ ወጣኸው።» ሁለቱም ሳቁ፤ እሱ እንባው ቀድሞት ነበር።

አልተባረረም። ለሁለት ወር ከደሞዝ ጋር እቤትህ ተቀመጥ ተባለ፤ ከዚያ መለሱት። ለምን እንደመለሱት የታወቀው ውሳኔው ሲወጣ ነው፤ ሥራው በዝቶ ሠራተኛ አንሷቸው ነበር። ፋብሪካው በዚያ ሞተር የተሠራች መኪና ሁሉ ቺንጋዋና ወንፊቷ ያለ ክፍያ እንዲቀየር፣ በዚህ ሳቢያ ሞተሩ የሞተበት ሰውም ዋስትናው ቢያልፍ እንኳ ሞተር እንዲተካለት ወሰነ። ማስታወቂያው በሬዲዮና በጋዜጣ ወጣ። ለእያንዳንዱ ባለንብረትም በስሙ ደብዳቤ ተላከ። ደብዳቤው «ለተፈጠረው መጉላላት» ይላል፤ «ጥፋታችን» የሚል ቃል ግን የለበትም። ባሏ አንብቦ፣ «መጉላላት! አሸዋ ክምር ውስጥ መግባት መጉላላት ነው እንግዴ» አለ። ግን ደብዳቤውን አልቀደደውም፤ በማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈው።

ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ አልሆነም። የሒሳብ መምህርቷ መኪናዋን በብረት ዋጋ ሸጣ ነበርና «በእጅሽ የሌለ መኪና አንተካም» ተባለች። ሲስተር ስለ እሷ አዲስ ደብተር ከፍተዋል፤ የቢሮው ጸሐፊም ሹራቡ የት እንደደረሰ በየጊዜው ትጠይቃቸዋለች። ፋብሪካው የላከው የመጨረሻ መልስ «እናየዋለን» የሚል ነው። ሲስተር በዚህ አልከፋቸውም። «እናየዋለን እና አይሆንም ለየቅል ናቸው» አሉ።

ዋርሳዋ አዲሱ ሞተር በተገጠመ በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ፣ መኪናውን ይዞ ቤታቸው መጣ። ሳያንኳኳ ገብቶ ወንድሙን አቀፈው፣ ቅንድቡ ላይ ያለውን ዱቄትም በእጁ ጠረገለት። ያ እሑድ እስኪመሽ ሳቅ ብቻ ነበር። ሲስተርም በሁለተኛ ሙከራቸው ፈተናውን አለፉ። በመጀመሪያው የወደቁት ወደ ኋላ እየነዱ በማቆሙ ላይ ነው፤ ደብተራቸው ላይ «ጥፋቱ የኔ» ብለው ጽፈውታል።

የቺንጋ ቅያሬው በተጀመረ ሰሞን አሰልጣኟ አንድ ጠዋት በሰርቪሱ በኩል ስታልፍ ወደ ግቢው ገባች። ያን ያህል መኪና አንድ ላይ አይታ አታውቅም። ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ሁሉም የዚያችው ዓይነት፣ እስከ በሩ ተሰልፈዋል። ከሰልፉ ጫፍ አቧራ የጠጣች አንዲት ግራጫ መኪና ነበረች። ባልና ሚስት ወርደው እግራቸውን ያፍታታሉ። ከኋላ ወንበር ሁለት ሴት ልጆች ተደጋግፈው ተኝተዋል።

«እርስዎም ለቺንጋው ነው?» አላት ሰውየው።

«የኔን ባለፈው ሳምንት ጨርሰውልኛል» አለችው። «ከሩቅ ነው የመጣችሁት?»

«ከተራራው ወዲያ ነን። ሬዲዮ ሰምተን ነው። እኛማ ምንም ችግር አላየንባትም፤ ለአንድ ቀንም አስቸግራን አታውቅም» አለ ሰውየው። ሚስቱ ቀበል አድርጋ፣ «ቅዳሜ እናቴ ዘንድ ልንሄድ ነበር፤ ያን ሁሉ ገደል ይዘን። እሱ ምንም አትሆንም ሲል፣ አይሆንም መጀመሪያ ትታይ ብዬ ነው» አለች።

«ደግ አደረግሽ» አለቻት አሰልጣኟ።

ተራቸው ሲደርስ አብራ ቆየች። መካኒኩ ወንፊቱን አውጥቶ ጨርቅ ላይ ሲያራግፈው ያ ጥቁር ፍርፋሪ ተበተነ። ሰውየው ጎንበስ ብሎ አየውና ቀስ ብሎ ቀና አለ። ወደ ኋላ ወንበር፣ ወደ ተኙት ልጆቹ ተመለከተ። የሚስቱን እጅ ያዘ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ሥራው አለቀ። ልጆቹ ነቅተው ነበር፤ ትንሿ በመስኮቱ እጇን አውለበለበች። ግራጫዋ መኪና ከግቢው ወጥታ በተራራው መንገድ እስክትሰወር አሰልጣኟ በሩ ላይ ቆማ ተመለከተቻት።